ግራ እጄን ያስተማርኩበት ዘመን

ቀኝ እጄ ደህና በነበረበት ጊዜ፣ የሣልኩትን ያየ ሰው ሁሉ የሚለው አንድ ነገር ነበር፤ «ይቺ ልጅ ሲፈጥራት ነው።» እናቴ ደግሞ «አላህ የሰጣት ነው» ትል ነበር። እኔም አምኜ ኖርኩ። እርሳስ ስይዝ እጄ ራሱ ይሄዳል፤ እኔ እከተለዋለሁ። «እንዴት አድርገሽ ነው የምትሥዪው?» ሲሉኝ ትከሻዬን ሰበቅ አድርጌ «እኔ እንጃ፣ ዝም ብሎ ይመጣልኛል» እል ነበር። እውነቴን ነው፤ አላውቅም ነበር።

ያደግሁት ደሴ፣ ሙጋድ አካባቢ ነው። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበሩ። መንገድ ዳር ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ መቁረጫ ጠረጴዛና ግድግዳው ላይ የተሰቀሉ ያላለቁ ኮቶች ነበሯቸው። ቤታችን ከሱቋ ጀርባ ነበር።

አብዮቱ መጥቶ ቀበሌ ሲቋቋም ለሁሉም ነገር ሠዓሊ አስፈለገ። ለሰልፍ መፈክር፣ ለአዳራሹ ምስል፣ ለኪነት ቡድኑ ከመድረክ ጀርባ የሚሰቀል መጋረጃ። ትምህርቴን ጨርሼ ቤት ተቀምጬ ነበርና የቀበሌው ሊቀመንበር አስጠርቶ ብሩሽና ቀለም ሰጠኝ። ከዚያ በኋላ እነዚያን ጢማቸው የተንዠረገገ የውጭ አገር ሰዎች ስንት ጊዜ እንደሣልኳቸው ቤቱ ይቁጠረው። ዓይኔን ጨፍኜም እሥላቸው ነበር ማለት ይቻላል።

አባቴ ደስ አላላቸውም። «ነፍስ ያለው ነገር መሣል ለአኼራሽ፣ ለወዲያኛው ዓለምሽ አይበጅም። ከቻልሽ ፊደሉን ብቻ ጻፊላቸው» አሉኝ። ግን የቀበሌን ትእዛዝ አልፈጽምም ማለት በዚያን ጊዜ መዘዙ ለቤተሰብም ይተርፋል። ስለዚህ አልከለከሉኝም። ሥዕል ይዤ በሱቃቸው በር ሳልፍ ዓይናቸውን ከመርፌው አያነሱም ነበር።

አደጋው የደረሰብኝ ከኮምቦልቻ ስመለስ ነው። ለበዓል አንድ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ስሥል ሰንብቼ፣ ሥራው ሲያልቅ ሲሚንቶ የጫነ መኪና ላይ ከሌሎች መንገደኞች ጋር ተሳፍሬ ወደ ደሴ ጉዞ ጀመርኩ። ኮምቦልቻ ፀሐይ ነበር። የሐረጎን ዳገት መውጣት ስንጀምር ጉሙ መጣና መንገዱን ዋጠው። አንድ ኩርባ ላይ ከላይ የሚወርድ መኪና ድንገት ብቅ ሲል ሾፌራችን መሪውን ወደ ጋራው ጠመዘዘ። መኪናችን ቦዩ ውስጥ ገብቶ በጎኑ ተኛ። ሌሎቹ ተላልጠውና ደንግጠው ተነሱ። እኔ ግን መነሳት አልቻልኩም። ቀኝ ክንዴ ከመኪናው የጎን መከለያ፣ ከስፖንዳው ሥር ነበር።

ሆስፒታል ብዙ ተኛሁ። ጀሶው የተፈታ ዕለት ሐኪሙ ጣቶቼን አንድ በአንድ እየነካካ «ይሰማሻል?» አለኝ። አውራ ጣቴ ላይ ትንሽ ይሰማኛል፤ ሌሎቹ የሰው ጣት ሆነዋል።

«አጥንቱ ገጥሟል» አለኝ። «ክንድሽን ከትከሻሽ ታነሺዋለሽ። ጣቶችሽ ግን እንደ ድሮው አይጨብጡም።»

«እስከ መቼ?»

ሐኪሙ የጀሶውን ስብርባሪ መሰብሰብ ጀመረ። አልጋው አጠገብ የቆመችው እናቴ ግን መልሱ ገብቷት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

ቤት ከገባሁ በኋላ ጎረቤት እየመጣ ይጠይቀኝ ነበር። «አላህ ያሽርሽ» ይሉኝና ዞር ብለው እርስ በርስ «ያን የመሰለ እጅ!» ይባባላሉ። አንዳንዷም ታለቅሳለች። እኔ በሕይወት እያለሁ ለእጄ ለቅሶ የተቀመጥን ነበር የሚመስለው። እናቴ ቁርስም ምሳም በእጇ ታጎርሰኛለች፤ በግራ እንድበላ አትፈልግም። አንድ ቀን አባቴ ትሪው ላይ እያለን «ለተቸገረ ሰው የተፈቀደ ነው፤ ተያት በግራዋ ትብላ» አሏት። ያን ቀን በግራ እጄ በላሁ። ግማሹ ቀሚሴ ላይ ፈሰሰ። ቢሆንም በራሴ እጅ በላሁ።

ቀበሌው ሌላ ሠዓሊ ቀጠረ። እኔን ደግሞ ሊቀመንበሩ አዝኖልኝ የቀበሌው ሱቅ ውስጥ ስኳርና ሳሙና በማደሉ ሥራ መደበኝ። ከእኔ ጋር የምትሠራው ሴት ትመዝናለች፤ እኔ ተራ አስከብራለሁ። ሰው ሲያየኝ መጀመሪያ ክንዴን፣ ከዚያ ፊቴን ነበር የሚያየው። እኔም ሥዕል የሚባል ነገር አላነሳም፤ አዲሱ ሠዓሊ ግድግዳ ላይ ሲሠራ ሳይ በሌላ መንገድ እዞራለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አባቴ ሱቅ ተቀምጬ ነበር። ጥቁር ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው «ዓይኔ ዛሬ አልታዘዝ አለኝ። ነይ፣ ከዚህ እስከዚህ አስምሪልኝ» አሉኝ።

«በምኔ አባ?»

«በግራሽ።»

ጠመኔውን ተቀበልኳቸው። እጄ እየተንቀጠቀጠ ያሰመርኩት መሥመር እባብ የሄደበት አሸዋ መሰለ። አፈርኩ። አባቴ በብሩሽ ጠረጉትና «ድገሚው» አሉ።

ደገምኩት። ጠረጉት። «ድገሚው።»

«አባ፣ የልብሱ ባለቤት ይጠብቃል እኮ።»

«ይጠብቅ።»

ጀምበር እስክታዘቀዝቅ ድረስ ሳሰምር፣ እሳቸው ሲጠርጉ ዋልን። የመጨረሻውም መሥመር ቀጥ አላለም፤ እሳቸው ግን መቀሳቸውን አንስተው በዚያው ላይ ቆረጡ። ጠማማውን ሲሰፉ እንደሚያቀኑት ይገባኛል። «ነገም ነይ» አሉኝ። በበነጋታው ማለዳ መነጽር ሳያደርጉ ክር መርፌ ውስጥ ሲያስገቡ አየኋቸው። 

እንዲያ ተጀመረ። ከቀበሌው ሱቅ ስኳር ዕደላ ስመለስ አባቴ ጋ እሄዳለሁ። ቀጥ ያለ መሥመር፣ ከዚያ የአንገት ክብ፣ ከዚያ የብብት ጥምዝ። ጨርቁ ሲቸግር ካኪ ወረቀት ይሰጡኛል። ትከሻዬ ያቃጥለኛል። ቀኝ እጄ ልጅ ሆኜ ያለ ትእዛዝ የሠራውን ግራ እጄን ልለምነው ግድ ሆነብኝ፤ እሱ ደግሞ ደንቆሮ ነበር።

እናቴ ይህን አልወደደችውም። አንድ ቀን ትከሻዬን በቅቤ እያሸችኝ አባቴን ተናገረቻቸው። «ልጅቷን ለምን ያደክሟታል? የደረሰባት ቀደር ነው፤ የተጻፈባት ነው። አላህ የሰጣትን ራሱ ወሰደው። ሰብር ተደርጎ ይቻላል እንጂ ግብግብ ይገጠማል?»

አባቴ ቶሎ አይቆጡም። «ቀደሩን ማን አነበበልሽ?» አሏት። «ግራ እጇንስ ማን ሰጣት?»

እናቴ ማሸቱን አላቋረጠችም። ቆይታም ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «አብሽሪ፣ በርቺ» አለችኝ።

ፊደል ስጀምር ሌላ ጉድ መጣ። ሳላስብ ከጻፍኩ ፊደሎቹ መስታወት ውስጥ እንደሚታይ ጽሑፍ ተገልብጠው ይወጣሉ። እያሰብኩ ከጻፍኩ ደግሞ የገዛ መዳፌ የጻፍኩትን እየተከተለ ያብሰዋል። ሁለት ፊደል እጽፋለሁ፣ አንዱን አጠፋለሁ። ተናድጄ ብሩሹን ወርውሬ የተነሳሁበት ቀን ብዙ ነው። ወርውሬም እሄድና አነሳዋለሁ፤ ብሩሽ እንደ ልብ የሚገኝበት ዘመን አልነበረም። መፍትሔው የመጣው ከማይረባው እጄ ነው። ክንዴን ከትከሻዬ ማንሳት እችላለሁና፣ የምጽፍበት ሰሌዳ ላይ አግድም አስደግፌው የግራ እጄን አንጓ በላዩ ላይ አሳረፍኩ። መንቀጥቀጡ ቆመ። መዳፌም ከቀለሙ ከፍ አለ። ያን ቀን በጣም ደስ ስላለኝ ከሱቁ ወጥቼ መንገድ ላይ ሄድኩ፣ ተመለስኩ፣ እንደገና ሄድኩ።

መሥመሩና ፊደሉ ሲቀና ሥዕል አማረኝ። የምሥለው ሰው ስለሌለኝ አባቴን ጠየቅኳቸው። «እርስዎን ልሣልዎት?»

«አስተግፊሩላህ! እኔን?» አሉ። ጥቂት ቆይተው ግን «እጄን ብቻ ከሆነ ሣዪ። ፊት የለው፣ ዓይን የለው» አሉ።

ወራት ሙሉ እጃቸውን ሣልኩ። ሲቆርጡ፣ በመርፌ ሲጠቅሙ፣ ክር ሲበጥሱ፣ ጨርቅ ላይ አርፎ። ግራ እጄ ዝግተኛ ስለሆነ እያንዳንዷን መሥመር ከማስመሬ በፊት ማየት ነበረብኝ። እዚያ ላይ ነው አንድ ነገር የደረስኩበት። አባቴ የሌባ ጣታቸው ጫፍ መርፌ ከመግፋት ብዛት ወደ ጎን ተጣሞ ኖሯል። የአውራ ጣታቸው ጥፍር ለሁለት ተሰንጥቋል። በዚያ እጅ ያደግሁ ልጅ ነኝ፤ አይቼው አላውቅም ነበር። ድሮ በቀኝ እጄ የሣልኳቸውን ምስሎች ባስታውስ፣ ገበሬውም ወታደሩም ሠራተኛዋም ያላቸው እጅ አንድ ዓይነት ነው። አፍንጫቸውም አንድ ነው። ቀኝ እጄ አንድ ጊዜ ያገኘውን እየደጋገመ ይሮጥ ነበር እንጂ አያይም ነበር። ሰውም «ሲፈጥራት ነው» ሲለኝ ቆም ብዬ ልይ የሚል ሐሳብ አልመጣልኝም።

ይህን ለአባቴ ስነግራቸው ሳቁ።

«መፈጠሩንስ ማን አይቶ ነው?» አሉ። «በእግርሽ ሳትሄጂ ገና፣ እናትሽ ገበያ ስትወጣ እዚህ ጠረጴዛ ሥር ትተውሽ ነበር። ከላይ የወደቀውን ጠመኔ እያነሳሽ ብጣሽ ጨርቅ ላይ፣ ወለሉ ላይ፣ የደንበኛ ጫማ ላይ ሳይቀር ስትሞነጫጭሪ ትውያለሽ። ብወስድብሽ ታለቅሺያለሽ። ትምህርት ቤት እስክትገቢ እንዲያው ነበርሽ። ያኔ ማንም አላየሽም፤ አድገሽ ሲያዩሽ ከሰማይ የወረደልሽ መሰላቸው።»

ለጥቂት ቀናት በዚህ ነገር ተሞልቼ ሰነበትኩ። ስጦታ የሚባል ነገር የለም፣ ሁሉም ልምምድ ነው ብዬ ለእናቴ ሰበክሁላት። እሷ በርበሬ እየቀነጠሰች አዳመጠችኝና «ወንድምሽም እዚያው ጠረጴዛ ሥር ነው ያደገው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ወንድሜ ያንኑ ጠመኔ የሚፈልገው ግድግዳ ላይ የኳስ ጎል ለማስመር ነበር። ዛሬም ሰው ሣል ቢሉት ሁለት እንጨት ላይ ዱባ ያስቀምጣል። ለምን እኔ ጠመኔውን ሲወስዱብኝ አለቀስኩ፣ እሱ ለምን አላለቀሰም? ይህን እስከ ዛሬ አልመለስኩትም። ከእናቴ ጋር እንዲያው በየራሳችን ሐሳብ ጸናን።

አዲሱ ሠዓሊ ለብሔራዊ ውትድርና ሲሄድ ቀበሌው ያለ ሠዓሊ ቀረ። የኪነት ቡድኑ ደግሞ ኮምቦልቻ ላይ ከሌሎች ቀበሌዎች ጋር ይወዳደራል ተብሎ መጋረጃ ያስፈልገው ነበር። ቢሮው ሄጄ «ጓድ ሊቀመንበር፣ መጋረጃውን እኔ ልሥራው» አልኩት።

ዓይኑ ወደ ክንዴ ሄደ። «ጓዲት፣ ይሄ ውድድር ነው። ለአንቺ አዝኜ ቀበሌውን ላሳፍር አልችልም።»

«እንዲያዝኑልኝ አልመጣሁም። አቡጀዲውን ይስጡኝ። ካልወደዱት ገልብጠው በጀርባው ሌላ ሰው ያሠሩበት።»

ብዙ ካቅማማ በኋላ ሰጠኝ።

ለመሣል የመረጥኩት ከደሴ በታች ያለውን የገራዶን ሜዳ ነው፤ አዝመራ ሲሰበሰብ። ከቀበሌው ሱቅ ፈቃድ እየጠየቅሁ በእግሬ ወደ ገራዶ እወርዳለሁ። ሜዳው ዳር ተቀምጬ የሚያጭዱትን አያለሁ። ማጭድ ሲይዙ አንጓቸው እንዴት እንደሚታጠፍ፣ ነዶ የተሸከመች ሴት አንገቷን በየት በኩል እንደምታዘነብል። አንድ ገበሬ ሁልጊዜ መምጣቴን አይቶ «ግብር ልትጥይብን ነው እንዴ?» አለኝ። «አይ፣ እጃችሁን ለማየት ነው» ስለው ጓደኞቹን ጠርቶ መዳፋቸውን ሁሉ አሳዩኝ።

አቡጀዲውን ቀበሌው አዳራሽ ግድግዳ ላይ ወጥሬ ጀመርኩ። የመጀመሪያውን አበላሸሁት። ሰማዩን አከበድኩት፤ ሰዎቹ ከሥሩ የታፈኑ መሰሉ። ሊቀመንበሩ መጥቶ አየና ወጥቶ ሄደ። በኖራ አጥፍቼ እንደገና ጀመርኩ። ክንዴን መደገፊያ አድርጌ ስቆም ትከሻዬ ይዝላል፤ እቀመጣለሁ፣ እነሳለሁ። ውድድሩ ሲቃረብ ሊቀመንበሩ ተመልሶ መጣ። ረጅም ጊዜ ቆሞ አየ። «ጠቅልሉት» አለ፤ «መኪና ይምጣ።»

ኮምቦልቻ አዳራሹ ሰው ሞልቶ ይሞቅ ነበር። መጋረጃው ሲወርድ ከኋላ በኩል ጉምጉምታ ተሰማ፤ አንዱ «ገራዶ! ወላሂ ገራዶ ነው!» ብሎ ጮኸ። ቡድናችን ሁለተኛ ወጣ እንጂ አላሸነፈም። ከዝግጅቱ በኋላ ከበላይ የመጣ አንድ ባለሥልጣን መጋረጃውን ማን እንደሣለው ጠየቀ። ሊቀመንበሩ ወደ እኔ አመለከተ። ሰውየው ክንዴን አየና በግራ እጄ መሆኑን ሲነግሩት ወደ ሰው ዞሮ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ተሰጥኦ ማለት ይሄ ነው! እንዲህ ያለ ነገር በትምህርት አይገኝም!»

ሰው አጨበጨበ። ማመስገን ነበረብኝ። ግን ጠረጴዛው ላይ የተጠረገው መሥመር ሁሉ፣ የተቃጠለው ትከሻዬ፣ የወረወርኩት ብሩሽ አንድ ላይ ትዝ አሉኝ።

«ጓድ፣ በትምህርት ነው የተገኘው» አልኩ። «ተሰጥኦዬ ሐረጎ ላይ ቀርቷል።»

ሊቀመንበሩ ሳል ያዘው። ሰውየው ለአፍታ ፊቱ ጠቆረ፤ ከዚያ ሳቀ። «እንግዲያው ለምን ለሌሎች አታስተምሪም?» አለኝ። ለማለት ያህል ያለው ይሆናል። እኔ ግን ቃሉን ያዝኩት። በበነጋታው ሊቀመንበሩ ቢሮ ሄጄ የቀበሌውን አዳራሽ ከሰዓት በኋላ እንዲሰጡኝ ጠየቅሁ፤ ከበላይ የተባለ ነውና እምቢ ማለት አልቻለም።

የመጀመሪያዋ ተማሪዬ ሱቅ ውስጥ ስኳር የምትመዝነው ሴት ነበረች። ባሏ ግንባር ነው፤ ሁለት ልጆች ታሳድጋለች። ጠረጴዛ ልብስ ላይ የሚጠለፍ አበባ ራሷ መሣል ትፈልጋለች። «እኔ ከተፈጥሮዬ እጅ የለኝም» እያለች ነው የገባችው። «እኔም የለኝም፤ ተቀመጪ» አልኳት። አንድ ቅጠል አምጥቼ ፊቷ አስቀመጥኩ። የሣለችው የምታውቀውን ቅጠል እንጂ ፊቷ ያለውን አልነበረም። ጠርዙ የት ጋ እንደሚታጠፍ በጣቷ አስነካኋት፤ ከዚያ ድገሚው አልኳት። ድሮ ቢሆን «ዝም ብሎ ይመጣል» ነበር የምላት፤ እሷም አልቅሳ ትሄድ ነበር። አሁን ግን መንገዱን ከታች ጀምሬ በእግሬ ስለወጣሁት የት ላይ እንደሚያደናቅፍ አውቃለሁ።

እሷ ስትማር ቆየች። አጠገቧ የተቀመጠ አንድ ወጣት አናጺ እሷ ወራት የፈጀባትን በሳምንት ያዘው። ይህንንም መደበቅ አልፈልግም። ሰው እኩል አይጀምርም። እሱ ግን እንደቀለለው ሰለቸውና ተወው። እሷ የገዛ አበባዋን ጠልፋ ለሰርግ ቤት መሸጥ ጀመረች። ብዙ ሰው ስጦታ አለኝ ወይ ብሎ ይጠይቀኛል። እኔ «ነገም ትመጣለህ ወይ?» ነው የምለው።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት ከበዱ። ጦርነቱ ቀረበ፤ ሱቆች እየተዘጉ ቀለምም አቡጀዲም ጠፋ። ተማሪዎቼ ከመካከላቸው የዘመተ አለ፣ ወደ ገጠር ዘመዶቹ የሸሸ አለ። ሊቀመንበሩ «ትምህርቱን ብትዘጊው ይሻላል፤ በምን ታስተምሪያለሽ?» አለኝ። በማግሥቱ ከቤት አንድ ማዳበሪያ ከሰል ተሸክሜ ሄድኩ። የአዳራሹ ግድግዳ መፈክሩ ረግፎ ነጭ ሆኖ ነበር። የመጡትን ጥቂት ሰዎች በግድግዳው ፊት ረድፍ አስይዤ አቆምኳቸው፣ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ከሰል ሰጠኋቸውና ከከተማው በላይ የቆመው ተራራ የሚታይበትን መስኮት አሳየኋቸው።

«ጦሳን ሣሉ» አልኳቸው። «ደመናው ሳይሸፍነው።»